ከተገኙት መካከል ወይዘሮ ሎቪና ሃርፕስተር

ከተማ ማለት መንገድና ፋብሪካ፣ ባንክና ከንቲባ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። ከተማ ከተማ የሚባለው ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት የምትል አንዲት ሴት ስትኖረው ነው። እሷ ያልቆመችበት ምረቃ ምረቃ አይባልም። እሷ ሳታይ የተቀመጠ የመሠረት ድንጋይም ተራ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። በሕዝብ ብዛት በለጥናችሁ እያሉ የሚኮሩብን ጎረቤት ከተሞች ሳይቀሩ የየራሳቸው አንዳንድ አላቸው። የእኛዋ ከተማ የቴንብሩኳ ግን ከሁሉም ይበልጡ ነበር። ስማቸው ክብርት ወይዘሮ ሎቪና ሃርፕስተር ይባላል።

ክብርት ያልናቸው እኛው ነን እንጂ ሹመት አልነበራቸውም። ባለቤታቸው አቶ አሳ በዋናው መንገድ ላይ ኮርቻና ልጓም ይሰፉ ነበር፤ ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ሎቪና በሜፕል መንገድ ጫፍ ባለች ግራጫ ቤት ለብቻቸው ይኖራሉ። ይኖራሉ ይባላል እንጂ ቤታቸው ሄዶ ያገኛቸው ሰው የለም።

በ1910 ቴንብሩክ በየሳምንቱ አንድ ነገር ታስመርቅ ነበር። የሥራ ልብስ ፋብሪካው ተከፈተ፣ የትራም መስመሩ እስከ እህል ጎተራው ደረሰ፣ ሁለተኛው ባንክ ከመጀመሪያው አንድ ፎቅ በልጦ ቆመ። በሁሉም ቦታ ወይዘሮ ሎቪና ጥቁሩን ባርኔጣ ደፍተው ከፊት ረድፍ አሉ። ምክር ቤቱ አዲሱን የፍሳሽ ቦይ ከመሬት በታች ወርዶ በመረመረ ጊዜ ከሰባቱ አባላት አራቱ ሽታውን ፈርተው ላይ ቀሩ፤ ወይዘሮ ሎቪና ግን የባላቸውን ቦት ጫማ አጥልቀው ወረዱ። የነጋዴዎች ማኅበር ለወንዶች ብቻ ያዘጋጀው ራት ላይ ደግሞ በጓሮ በር ገብተው፣ ሽርጥ አሥረው፣ ድንች ሲያድሉ አመሹ። ንግግሩ ሲጀመር ሽርጡን ፈትተው ከእንግዶቹ መሐል ተቀመጡ። ማን ይነሱ ይበላቸው? ድንቹን የበላው ሁሉ አፈረ።

ይህ ሁሉ ለሌላው ሰው ሣቅ ነበር። ለኤሞሪ ፊስክ ግን መከራ ነበር።

ኤሞሪ የ"ቴንብሩክ ታዛቢ" ዘጋቢ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ሆዱን የሚያመው፣ ጽሑፉ አንድ ቀን በትልቅ ከተማ ጋዜጣ ይታተም ይሆናል ብሎ የሚመኝ ሰው ነው። የጋዜጣው ባለቤት አቶ ሴልደን ጎርሃም ግን ከምኞቱ በፊት አንድ ሕግ አስተምረውታል። "ዜና ማለት ስም ነው፣ ኤሞሪ። ስሙ የወጣለት ሰው አንድ ጋዜጣ ለራሱ፣ አንድ ለእህቱ፣ አንድ ደግሞ ለሚጠላው ጎረቤቱ ይገዛል" ይላሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ዜና "ከተገኙት መካከል" በሚል የስም ዝርዝር ያልቃል። ከተማው ሁሉ ጋዜጣውን የሚያነበው ከታች ወደ ላይ ነው።

ወይዘሮ ሎቪናም ይህን ዝርዝር ለዕድል አይተዉትም። ኤሞሪ ደብተሩን ባወጣ ቁጥር ከየት መጡ ሳይባል እጅጌው ሥር ይገኛሉ።

"ስሜን ያዝከው?"

"ይዣለሁ፣ ወይዘሮ ሎቪና።"

"አሳየኝ እስቲ።"

ያሳያቸዋል። መነጽራቸውን አውጥተው፣ አንብበው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ። ሌላ አንዲት ቃል አይጨምሩም። ፎቶግራፍ አይፈልጉም፣ ምስጋና አይጠይቁም፤ ስማቸው እንዲገኝ ብቻ። ማተሚያ ቤት ያለው ፊደል ለቃሚ፣ ሽማግሌው ኦቶ፣ የሳቸውን ስም በየቀኑ ከእርሳስ ፊደል እየለቀመ መደርደር ስለሰለቸው አንዴ ደርድሮ በክር አሥሮታል። ዝርዝር በመጣ ቁጥር ያን እሥር አንሥቶ እንዳለ ይሰካዋል።

አንድ ጊዜ ኤሞሪን ከልቡ ያስቀየመው ነገር ሆነ። አንድ ተጓዥ ነጋዴ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው ሆቴል አርፎ ሳለ ሞተ። ዘመድ አልተገኘለትም። በቀብሩ ላይ ቄሱ፣ ቀብር አስፈጻሚው፣ ኤሞሪና ወይዘሮ ሎቪና ብቻ ነበሩ። አፈሩ ገና ተመልሶ ሳያልቅ እጅጌው ተነካ።

"ስሜን ያዝከው?"

"እዚህም?" አለ ኤሞሪ ጥርሱን ነክሶ።

"እዚህም። የሱንም ስም አደራ እንዳትሳሳት። የሆነ ቦታ የሚያነብለት ሰው አይጠፋም።"

ኤሞሪ ሁለቱንም ጻፈ። ሴትዮዋ በሬሳ ላይ እንኳ ስማቸውን የሚያስቡ ናቸው ብሎ በሆዱ ያዘ።

ከዚያ በመስከረም ወር የብረቱ ድልድይ ተመረቀ። አገረ ገዥው ራሳቸው መጡ። አቶ ጎርሃም የጋዜጣ ባለቤቶች ጉባኤ ላይ ሄደው ስለነበር ኃላፊነቱ ሁሉ በኤሞሪ ላይ ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ፤ ግዛቱ ሊሠራው ያሰበው ትልቁ ሆስፒታል የሚሠራው እኛ ጋ ነው ወይስ ከወንዙ ማዶ ካሉት ጋ? መልሱን ካገኘ የዋናው ከተማ ጋዜጦች ዜናውን ከነስሙ ይወስዱታል። ሰልፉን ጥሶ አገረ ገዥው ፊት ደረሰ። ጠየቀ። ትልቁ ሰውዬ ጎንበስ አሉለት፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ ሊናገሩ ሲሉ እጅጌው ተጎተተ።

"ስሜን ያዝከው?"

አገረ ገዥው በሣቅ ፈነዱ። "የእመቤቲቱን ስም ያዝ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ!" ብለው ትከሻውን መታ መታ አድርገው አለፉ። መልሱም አብሯቸው ወደ ሠረገላው ገባ።

ኤሞሪ ያን ቀን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ስም ጻፈ። የበረዶ ነጋዴውን ከነውሻው ሳይቀር ጻፈ። ጽሑፉን ሲያስረክብ ኦቶ የታሠረውን ስም በእጁ ይዞ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየ።

"ሎቪናን ረሳሃቸው" አለ።

"አልረሳሁም።"

ኦቶ፣ "ሌላ ጊዜ ስማቸውን ጋዜጣው ላይ ባየው ይሻልሃል፣ ልጅ" ብሎ እሥሩን ወደ ቦታው መለሰ። ለምን እንዲህ እንዳለ ኤሞሪ አልገባውም፤ አልጠየቀምም።

ሰማይ አልተደፋም። ስለዚህ ሰኞ ከቤተ ክርስቲያኑ የዶሮ ራት ላይ አስቀራቸው። ማክሰኞ ከእሳት አደጋ ቧንቧ ሙከራው፣ ረቡዕ ከሥራ ልብስ ፋብሪካው የሴቶች መዘምራን ላይ አስቀራቸው። ሁሉም ቦታ ነበሩ፤ ሁሉም ቦታ "ስሜን ያዝከው?" ብለዋል፤ እሱም ደብተሩን አሳይቷቸው ማተሚያ ቤት ሲደርስ ሠርዞታል። ጣፋጭ ነበር። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

ያልጠበቀው ነገር ከተማው ጋዜጣውን እንዴት እንደሚያነብ ነው። ሎቪና ሃርፕስተር የሌሉበት ዝርዝር አንድ ቀን ቢወጣ ስሕተት ነው፤ ሁለት ቀን ቢወጣ ሕመም ነው፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ግን የሚታሰበው ሌላ ነው። ረቡዕ ማታ የተከተፈ ዶሮ በኑድል፣ ሦስት የፖም ፓይና አንድ ድስት ባቄላ ይዘው ሴቶች በሜፕል መንገድ ተሰለፉ። ከየሳሕኑ ሥር እንዳይጠፋባቸው የባለቤቱ ስም በቀለም ተጽፏል። ቄሱም መጽሐፋቸውን ይዘው መጡ። ቀብር አስፈጻሚው ደግሞ በጋሪው ሁለት ጊዜ በቀስታ አለፈ። ድንገት ያለፈ ለመምሰል ፈረሱን ይገሥጻል።

በሩን የከፈቱት ሟቿ ራሳቸው ናቸው።

"ማን ሞተ?" አሉ ሳሕኑን እያዩ።

"ኧረ ማንም!" አለች የዳቦ ጋጋሪው ሚስት፣ ደንግጣ። "እንዲያው... ብዙ ጋግሬ ነው።"

"ሁላችሁም ብዙ ጋገራችሁ?"

ከቄሱ ሣቅ አመለጣቸው፤ ወይዘሮ ሎቪና ግን አልሣቁም። የረቡዕን ጋዜጣ ከአንዷ ብብት ሥር ስበው እዚያው በሩ ላይ ቆመው ዝርዝሩን አነበቡ። ከዚያ የማክሰኞውን አምጡልኝ አሉ። ከዚያ የሰኞውን።

በማግሥቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጋዜጣው ቢሮ መጡ። ኤሞሪ ለጩኸት ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። አልጮኹም።

"ስሜ የለም" አሉ።

"ቦታ ጠቦ ነው፣ ወይዘሮ ሎቪና።"

"የበረዶ ነጋዴው ውሻ ገብቷል።"

ኤሞሪ ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ።

"ሳምንታዊው ላይስ? በፖስታ የሚሄደው? እሱ ላይ አስገባኝ፣ ሌላውን ተወው።"

ሳምንታዊው የሳምንቱን ዜና ሁሉ ሰብስቦ፣ ከከተማው ለወጡ ልጆቻችን በፖስታ የሚላከው ነው። "እሱማ ታትሞ ጠዋት በባቡር ሄደ" አለ ኤሞሪ።

ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። ኤሞሪ ውኃ ላምጣልዎት ቢል አልሰሙትም። ከዚያ ተነሥተው በሩን በቀስታ ዘግተው ሄዱ። ያ ጣፋጭ የነበረው ነገር በኤሞሪ አፍ ውስጥ ሌላ ጣዕም አመጣ፤ ምን እንዳጠፋ ግን አያውቅም። ዓርብና ቅዳሜ ስማቸውን ሊጽፍ ፈልጎ ነበር። የትም አልመጡም።

አቶ ጎርሃም ማክሰኞ ተመለሱ። እንደ ልማዳቸው ያመለጣቸውን ጋዜጣ ሁሉ ደርድረው ከታች ወደ ላይ አነበቡ። ጨርሰው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሎቪና ታመው ነበር?"

"አይ።"

"ታዲያ?"

ኤሞሪ ስለ አገረ ገዥው ነገራቸው። ሲነግራቸው ለራሱም ትንሽ ነገር መሰለው።

"ሮስኮ የሚባል ልጅ እንዳላቸው ታውቃለህ?" አሉ አቶ ጎርሃም። "አንተ ከመምጣትህ በፊት ነው። አሳ በሞተ ማግሥት ልጁ፣ አውቶሞቢል መጥቷል፣ ኮርቻ ሞቷል ብሎ ሱቁን ሊሸጥ ተነሣ። በአባቱ መቃብር ላይ ከእናቱ ጋር ተጣላ። እኔ ቆሜ ሰምቻለሁ። 'ካሁን በኋላ እናት የለህም' አሉት። ልጁም እሺ ብሎ ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በዚያው ዓመት አንድ የባቡር ሠራተኛ በሩቁ ምዕራብ፣ አይዳሆ ውስጥ፣ እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ሲሠራ አየሁት ብሎ እስኪነግራቸው ድረስ በሕይወት መኖሩንም አያውቁም ነበር።"

"ደብዳቤ አይጽፉለትም?"

"እናት የለህም ያለች ሴት ደብዳቤዋን በምን ትጀምረው? 'ውድ ልጄ' ብላ?" አቶ ጎርሃም መነጽራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። "በየዓመቱ ጥር ላይ እዚህ መጥተው የሳምንታዊውን ዋጋ ይከፍላሉ። ለሱ ነው የሚላከው። የላኪ ስም አታድርጉበት ይላሉ። ከዚያ በየወሩ ብቅ እያሉ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁኛል፣ 'ተመልሶ መጥቷል?' እያሉ። አልተመለሰም። አሥራ አንድ ዓመት አንድም ጋዜጣ አልተመለሰም። ሎቪና ስለ ልጃቸው የሚያውቁት ይህን ብቻ ነው። እሱም ስለ እናቱ የሚያውቀው፣ ካነበበ፣ ያን ዝርዝር ብቻ ነው።"

ኤሞሪ የፍሳሹን ቦይ አሰበ። የድንቹን ራት አሰበ። በዚያ ነጋዴ መቃብር ላይ በሆዱ ያለውን አሰበና ፊቱ ተቃጠለ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

ቴሌግራሙ የመጣው እዚያው ተቀምጠው ሳሉ ነው። ለጋዜጣው አዘጋጅ የተላከ ነው። "ሎቪና ሃርፕስተር በሕይወት አለች? መልሱን በኔ ወጪ ላኩ። ሮስኮ" ይላል።

"አንተ ውሰድላቸው" አሉ አቶ ጎርሃም።

ወይዘሮ ሎቪና ወጥ ቤት ቆመው የሰዉን ሳሕን እያጠቡ፣ ሥሩን ገልብጠው ስሙን እያነበቡ በየባለቤቱ ይደረድሩ ነበር። ወረቀቱን በርጥብ እጃቸው ተቀብለው ከዓይናቸው አርቀው ያዙት። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"'ሎቪና ሃርፕስተር' ነው ያለው" አሉ። "'እናቴ' አላለም።"

"ቴሌግራም እኮ ነው። ቃል ይቆጠራል።"

"'እናቴ' አንድ ቃል ነው። 'ሎቪና ሃርፕስተር' ሁለት። አታጽናናኝ።"

ኤሞሪ ጥፋቱን ሊናገር፣ ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ። በእጃቸው አስቆሙት።

"እንዳትመልስለት።"

"ምን አሉ?"

"ዝም በል። ዝም ማለት ትችልበት የለ? ስሜንም እንዳትጽፍ። ጋዜጣውም ዝም፣ አንተም ዝም።"

"ሞተዋል ብሎ ያስባል!"

"ያስብ! ለቁሜ ያልመጣ ለሬሳዬ ይመጣል። ሰው ለቀብር ይመጣል፣ ኤሞሪ። እኔ ለማላውቀው ሰው ሄጄ የለ? የገዛ እናቱንማ..." ሳሕን አንሥተው ያለቀለትን እንደገና ያጥቡ ጀመር።

"ጭካኔ ነው፣ ወይዘሮ ሎቪና።"

"እሱ አሥራ አንድ ዓመት ዝም ሲል ጭካኔ አላልኩትም።"

"ካልመጣስ?" አለ ኤሞሪ። "አይዳሆ ሩቅ ነው። አልፏል፣ ተቀብራለች፣ ምን አደርጋለሁ ብሎ እዚያው አልቅሶ ቢቀርስ? ከዚያ በኋላ ማን አለኝ ብሎ ይመጣል? እርስዎስ እየኖሩ እንደሞቱ ሊቀሩ ነው?"

ወይዘሮ ሎቪና ሳሕኑን አስቀመጡ። እጃቸውን በሽርጣቸው አደረቁ፤ እያንዳንዱን ጣት ለየብቻ። ከዚያ ጥቁሩን ባርኔጣ ከምስማሩ አወረዱ።

ጣቢያው ውስጥ ያለው ቴሌግራፈኛ ቅጹን ሰጣቸው። "እስከ አሥር ቃል ዋጋው አንድ ነው፣ ወይዘሮ ሎቪና። ዋጋውም የሱ ነው፤ ይሙሉት።"

የመጀመሪያውን ሞሉት። ኤሞሪ በትከሻቸው በኩል አየው፤ ደህና ነኝ፣ ድልድዩ ተመረቀ፣ ጣሪያው ታደሰ የሚል ነበር። ቀደዱት። ሁለተኛው ይቅርታ በሚል ጀምሮ ምነው በሚል አለቀ። እሱንም ቀደዱት። በሦስተኛው ላይ ብዙ ቆዩና ሁለት ቃል ጽፈው አሻገሩለት። "እናት አለህ" ይላል።

ቴሌግራፈኛው ቃሉን ቆጠረ። "ስምንት ቃል ይቀርዎታል" አለ።

"ይቅር" አሉ።

መልስ አልመጣም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አራት ቀን። ቴሌግራፈኛው ለሚስቱ ነግሯት ስለነበር በሁለተኛው ቀን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ወይዘሮ ሎቪና ምረቃ መሄድ ተዉ። የቤተ መጻሕፍቱ የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ ከንቲባው ግማሽ ሰዓት አዘገዩት፤ አካፋውን ይዘው ወደ መንገዱ ጫፍ ያያሉ። በመጨረሻ አስቀመጡት። ሕዝቡም እንደነገሩ አጨብጭቦ ተበተነ። እሳቸው በየቀኑ የሚገኙት ጣቢያው ላይ ብቻ ነበር፤ የአሥር ሰዓቱ የምዕራብ ባቡር ሲመጣ ከመድረኩ ጫፍ ቆመው የሚወርደውን ሁሉ ያያሉ፣ ባቡሩ ሲሄድ ይሄዳሉ።

እኛም ሥራ ፈጠርን። የባንኩ ሹም በየቀኑ የሚላክ ጥቅል ይገኝለት ጀመር። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት የማትመጣ እህቷን ልትቀበል ትመጣለች። ቀብር አስፈጻሚው እንኳ መጣ፤ ሰዉ ገላምጦት ከውኃ ገንዳው ጀርባ እንዲቆም ተደረገ። ኤሞሪ ግን በሥራው ነው የሚመጣው፤ ከባቡር የወረደውን እንግዳ መጻፍ ግዴታው ነው። ደብተሩን ይዞ ከሳቸው ሁለት እርምጃ ርቆ ይቆማል። አንድም ቀን እጅጌውን አልነኩትም። እንዲነኩት ይመኝ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ሦስት ሰው ወረደ። አንዱ የበቆሎ መፈልፈያ ሻጭ ነው። አንዷ የጥርስ ሐኪሙ አማት ናት። ሦስተኛው ረጅም፣ ጎበጥ ያለ ሰው ነው፤ በሥራ ካፖርት ላይ አዲስ ክራቫት አሥሯል፣ ከግራ እጁ ሁለት ጣት ጎድሏል። ከወረደ በኋላ ወደፊት አልሄደም። ባቡሩ ጥሎት እስኪሄድ ድረስ ባለበት ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክር ነበር።

ወይዘሮ ሎቪናም አልተንቀሳቀሱም። በመካከላቸው አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። መጀመሪያ የሄደው እሱ ነው፤ ስድስቱን እርምጃ ሄደና ቆመ።

"ቴሌግራሙ ደርሶኛል" አለ። "መልስ ልጽፍ ብዬ ነበር። ምን እንደምል ጠፋኝ። ለዚህ ነው የመጣሁት።"

የቀሩትን አራት እርምጃ እሳቸው ሄዱ። እጃቸውን አንሥተው የክራቫቱን ቋጠሮ አቃኑለት፤ አቃንተው ሲጨርሱ እጃቸው እዚያው ቀረ።

"ከስተሃል" አሉት።

እሱም ጎንበስ ብሎ ግንባሩን በባርኔጣቸው ላይ ደገፈ፤ ባርኔጣው ተጣመመ፤ አላቃኑትም።

ኤሞሪ እርሳሱን ደብተሩ ላይ አሳርፎ ነበር። እጁ ከልማድ የተነሣ ያደረገው ነው፤ ዓይኑ በደንብ አያይለትም ነበር። ወይዘሮ ሎቪና በልጃቸው ክንድ በኩል አዩት።

"ኤሞሪ" አሉ፣ "ይሄን አትጻፈው።"

"ከተማው ሁሉ ሊያነበው ይፈልጋል፣ እናቴ" አለ ኤሞሪ። እናቴ ብሎ ጠርቷቸው አያውቅም።

"ይፈልግ። ይሄ የኔ ነው።"

ደብተሩን ዘጋ። የዚያን ዕለቱ ጋዜጣ ዛሬም ከጥራዙ ውስጥ አለ፤ የፈለገ ገልጦ ያየዋል። ከአሥር ሰዓቱ ባቡር የወረዱት ሁለት ናቸው ይላል፤ የበቆሎ መፈልፈያ ሻጩና የጥርስ ሐኪሙ አማት። መድረኩ ላይ የነበርነው ከአርባ አናንስም። ያየነውን ሁሉ አይተናል፣ የባንኩ ሹም ጭምር በመሐረቡ ተናፍጧል። ኤሞሪ የሮስኮን ሻንጣ አንሥቶ እናትና ልጅ በፊት በፊት፣ እሱ በኋላ በሜፕል መንገድ ሲሄዱ ቆመን ተመለከትናቸው። ስሜን ጻፍልኝ ያለው አንድም ሰው አልነበረም።